ከኮዬ ፈጬ እየተመላለሱ በግል ዩኒቨርሲቲ መማር፦ እስከ ምረቃ ስንት ያስወጣል?

የኮዬ አባወራ

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ በተፈጥሮ ሳይንስ ተፈትና ከ600ው ከ300 ትንሽ ከፍ ያለ ውጤት አምጥታለች። የተመደበችበት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በጣም ሩቅ ስለሆነ፣ እቤቷ ሆና እየተመላለሰች የግል ብትማር ይሻላል ብለን እየመከርን ነው። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ምርጫዋ አካውንቲንግ ወይም ነርሲንግ ነው።

ሦስት ቦታ ዋጋ ጠየቅኩ። አንዱ በክሬዲት ሰዓት (የኮርስ ክብደት በሚለካበት)፣ ሁለተኛው በወር፣ ሦስተኛው በሴሚስተር ነገሩኝና ማወዳደር አቃተኝ። የምታውቁ እርዱኝ፦ እስከ ምረቃ ያለው ጠቅላላ ወጪ እንዴት ይሰላል? በምዝገባ ቀን የማይነገሩ ክፍያዎች የትኞቹ ናቸው? ከመደበኛውና ከማታው የቱ ያዋጣል?

---

ከሬጅስትራር ወንበር

ጋሼ፣ ሦስቱን ዋጋ ለማወዳደር ሁሉንም ወደ አንድ ቁጥር ያምጡት፤ ይኸውም ለሙሉ ፕሮግራሙ የሚከፈለው ብር ነው። ለዚህ የፕሮግራሙን የኮርስ ዝርዝር ከትምህርት ክፍሉ ይጠይቁ። በየሴሚስተሩ የትኞቹ ኮርሶች እንደሚሰጡና እያንዳንዱ ስንት ክሬዲት ሰዓት እንደሆነ እዚያ ላይ አለ። ይህንን ወረቀት ከምዝገባ በፊት ለማሳየት የሚያንገራግር ተቋም ጋ ገንዘብ አይክፈሉ።

ለስሌት እንዲመች የአካውንቲንግ ፕሮግራሙ 144 ክሬዲት ሰዓት፣ የአንዱ ዋጋ 700 ብር ነው እንበል። (ብሩን ለምሳሌ ያህል ነው የወሰድኩት፤ እርስዎ የተነገርዎትን ያስገቡ።) 144 በ700 ሲባዛ 100,800 ብር ይመጣል። አብዛኛው ወላጅ ስሌቱን እዚህ ላይ ያቆማል። ዋጋው ግን አራት ዓመት ሙሉ ባለበት አይቆይም። በየዓመቱ 15 በመቶ ቢጨምርና በዓመት 36 ክሬዲት ሰዓት ብትወስድ፣ አንደኛው ዓመት 25,200፣ ሁለተኛው 28,980፣ ሦስተኛው 33,327፣ አራተኛው 38,326 ብር ይሆናል። ድምሩ 125,833 ነው፤ በጭማሪው ብቻ 25,000 ብር ተጨመረ ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄዎ «አንድ ክሬዲት ስንት ነው?» ብቻ አይሁን። «ጭማሪ የሚደረገው በየስንት ጊዜው ነው? አዲስ ገቢዎችን ብቻ ነው ወይስ በትምህርት ላይ ያሉትንም ይመለከታል?» ብለው ይጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ።

በወር ለሚያስከፍለው፣ በዓመት ስንት ወር እንደሚከፈል ይጠይቁ። 2,500 ብር በ10 ወር 25,000 ነው፤ በ12 ወር 30,000 ነው። በአራት ዓመት የ20,000 ብር ልዩነት አለው፤ ወርሃዊው ዋጋ ግን በሁለቱም ቦታ እኩል ነው የሚመስለው። በሴሚስተር የሚያስከፍለው ደግሞ ዋጋው ስንት ክሬዲት እንደሚሸፍን ይንገርዎት። አንዳንዱ የፍሬሽማን (የመጀመሪያ) ዓመቱን በአንድ ዋጋ፣ ከሁለተኛ ዓመት በኋላ ያለውን በሌላ ዋጋ ነው የሚያስበው።

አንድ ሌላ መሳሳቻ አለ። ኮርሱ በክሬዲት ሰዓት ሳይሆን ኢሲቲኤስ በሚባል ሌላ የኮርስ መለኪያ የተጻፈ ሊሆን ይችላል። 3 ክሬዲት ሰዓት የሆነ ኮርስ አብዛኛውን ጊዜ 5 ኢሲቲኤስ ነው። «የእኛ በአንዱ 450 ብር ብቻ ነው» ሲባል ርካሽ ይመስላል፤ በ5 ሲባዛ ኮርሱ 2,250 ብር ነው። በክሬዲት ሰዓት 700 የሚያስከፍለው ዘንድ ያው ኮርስ 2,100 ነው። ሁልጊዜ በኮርስ ያወዳድሩ።

ወደማይነገሩት ልለፍ። የምዝገባ ክፍያ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን በየሴሚስተሩ ይጠየቃል፤ ስለዚህ በ8 ያባዙት። መታወቂያ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የኮምፒውተር ላብ፣ ቀኑ ካለፈ በኋላ ሲመዘገቡ የዘገየ ምዝገባ ቅጣት፣ የወሩ ክፍያ ሲዘገይ ሌላ ቅጣት አለ። ፈተና በሕመም ካመለጣት የሜካፕ (የማካካሻ ፈተና) ክፍያ ይኖራል። አራተኛ ዓመት ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪ፣ የጽሑፉ ህትመትና ጥረዛ፣ የገዋን ኪራይ፣ የምረቃ መጽሔት፣ ቴምፖ (ጊዜያዊ ዲግሪ)፣ ኦሪጅናል ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት በየራሳቸው ይከፈላሉ። የመጨረሻው ሴሚስተር ከሌሎቹ ይበልጥ የሚከብደው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለእሱ ብቻ የተለየ ገንዘብ ያስቀምጡ።

ከሁሉም የከፋው ግን የ«ኤፍ» (ኮርስ የመውደቅ) ወጪ ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ኤፍ ያገኘ ተማሪ ጊዜውን ያጣል፤ በግል ያገኘ ግን ጊዜውንም ገንዘቡንም ነው። 3 ክሬዲት ኮርስ መልሶ ለመውሰድ 2,100 ብር ትንሽ ሊመስል ይችላል። ጉዳቱ ያለው በሰንሰለቱ ላይ ነው። ፕሪንሲፕልስ ኦፍ አካውንቲንግ አንድን ያልጨረሰ ሁለትን መውሰድ አይችልም፤ ሁለትን ያልጨረሰ ኢንተርሚዲየትን፣ ኢንተርሚዲየትን ያልጨረሰ አድቫንስድን አይወስድም። ኮርሱ ደግሞ በዓመት አንዴ ብቻ ሊሰጥ ይችላል። አንድ ኤፍ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምረቃውን በሙሉ ዓመት ሊያዘገየው የሚችለው ለዚህ ነው፤ የዓመት ትራንስፖርት፣ ምሳና ምዝገባ አብሮ ይመጣል። ኮርሱ እንደከበዳት ካየች በአድ-ድሮፕ (ኮርስ መጨመርና መተው በሚፈቀድበት) ጊዜ ትልቀቀው። ያ ካለፈ ከትምህርት ክፍሉ ጋር ተነጋግራ በቀነ ገደቡ ውስጥ የመልቀቂያ ፎርም ትሙላ። ፎርም ሳትሞላ ክፍል መግባት ካቆመች ኤፍ ይሰፍራል፤ የሴሚስተሩም ዕዳ አይሰረዝም።

---

ቃሊቲ መናኸሪያ

ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው። ኮዬ ለሚኖር ሰው ግን ትምህርት ቤቱ ከሚጠይቀው ይልቅ መንገዱ የሚጠይቀው ሊበልጥ ይችላል።

አንድ ሴሚስተር 16 ሳምንት ነው። በሳምንት 5 ቀን ከሆነ 80 ቀን፣ በዓመት 160 ቀን ይመጣል። ከኮዬ ወደ ቱሉ ዲምቱ ወይም ቃሊቲ፣ ከዚያ ወደ መሀል ከተማ ሌላ ታክሲ ተይዞ ደርሶ መልሱ 80 ብር ቢሆን በዓመት 12,800 ብር ነው። ምሳ በ100 ብር ቢታሰብ 16,000። ሁለቱ ተደምረው በአራት ዓመት 115,200 ብር ይሆናሉ፤ ከላይ ጭማሪ ሳይታሰብበት ከተሰላው የ100,800 ብር የትምህርት ክፍያ ይበልጣል ማለት ነው። እነዚህም ለምሳሌ የተወሰዱ ቁጥሮች ናቸው፤ የታሪፍ ጭማሪም አልታሰበባቸውም።

ስለዚህ ለአንድ ክሬዲት 100 ብር የሚወደድ ግን በአንድ ታክሲ የሚደረስበት ካምፓስ፣ 100 ብር ከሚረክሰውና ሁለት ታክሲ ከሚያስይዘው ጋር እኩል ወይም የተሻለ ሊሆን ይችላል። 100 ብር በ144 ክሬዲት 14,400 ነው። የሁለተኛው ታክሲ ደርሶ መልስ 25 ብር ቢሆን በ640 ቀን 16,000 ይሆናል። ድካሙ ገና አልተቆጠረም።

ከመመዝገባችሁ በፊት በሥራ ቀን ጠዋት 12፡30 ላይ ከቤት ተነሥታችሁ ካምፓሱ በር ድረስ ሂዱ። እሑድ ወይም እኩለ ቀን ላይ የተለካ መንገድ ያታልላል፤ ጠዋት የኮዬና የቱሉ ዲምቱ ሰልፍ ሌላ ነው። የሸገርና የአንበሳ አውቶቡስ ከታክሲ ይረክሳል፤ የሚመጣበት ሰዓት ግን ከክፍሉ ጋር ካልገጠመ በሳምንት ሁለት ቀን ታክሲ መያዟ አይቀርም። ቃሊቲ ከደረሰች በኋላ በባቡሩ ወደ መስቀል አደባባይና ከዚያ ወዲያ መሄድ ይቻላል፤ ካምፓሱ ከመሥመሩ አጠገብ ከሆነ ብቻ ነው የሚጠቅመው።

ምሳ ቋጥራ ከሄደች ግማሹ ችግር ተቃለለ። ካምፓሱ የምሳ ዕቃ የሚያሞቁበት ወይም ቁጭ ብለው የሚበሉበት ቦታ እንዳለው ይመልከቱ። ብዙዎቹ የኪራይ ሕንፃ ላይ ስለሆኑ የላቸውም፤ ተማሪው ተገዶ ካፌ ይገባል።

የማታውን በተመለከተ፣ ለሴት ልጅና ለእናንተ ሠፈር አልመክርም። ትምህርቱ ከሥራ ሰዓት በኋላ ከ11፡30 ገደማ ጀምሮ እስከ ምሽቱ 2፡30 ይዘልቃል። በዚያ ሰዓት ከመሀል ከተማ ወደ ኮዬ ታክሲ ማግኘት ከባድ ነው፤ ሲገኝም ከታሪፍ በላይ ይጠየቃል። በተጨማሪም በማታ በሴሚስተር የሚወሰደው ክሬዲት ያንሳል። 12 ክሬዲት ብትወስድ 144ቱ 12 ሴሚስተር ይፈጃል፤ ክረምት ላይ ተጨማሪ ካልተሰጠ 6 ዓመት ነው። የምዝገባ ክፍያውም ከ8 ወደ 12 ያድጋል። ማታ የሚያዋጣው ቀን ደመወዝ ለሚያገኝ ሰው ነው። ቅዳሜና እሑድ የሚሰጥ ፕሮግራም ካለ ግን ትራንስፖርቱ ከ5 ቀን ወደ 2 ቀን ስለሚወርድ አስሉት።

---

ሲስተር ከአቃቂ

ስለ ነርሲንጉ ልጨምር። ዋጋውን ከአካውንቲንግ ጋር በክሬዲት ብቻ ማወዳደር አይቻልም፤ ነርሲንግ ከክፍል ውጭ ነው ገንዘብ የሚበላው።

ተማሪዋ ለተግባር ልምምድ ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ ትወጣለች። የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ኮሌጁ ከየትኛው ሆስፒታል ጋር ውል እንዳለውና ለልምምዱ ሆስፒታሉ የሚጠይቀውን ማን እንደሚከፍል ነው። በትምህርት ክፍያው ውስጥ ካልተካተተ በየምድቡ ይጠየቃል። ሁለተኛው፣ ልምምዱ የት ነው? ካምፓሱ አቃቂ ሆኖ ምድቡ የከተማው ሌላ ጫፍ ላይ ሊደርስ ይችላል፤ የማታ ተራም ይኖራል። የትራንስፖርት ስሌቱ እዚያ ላይ ይፈርሳል።

ዕቃውን በተመለከተ ቢያንስ ሁለት ነጭ ጋውን፣ የተዘጋ ጫማ፣ ስቴቶስኮፕ፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት፣ ጓንትና ማስክ ያስፈልጋል። ስቴቶስኮፕ ላይ በጣም ርካሹን አይግዙ፤ ድምፅ ስለማያሰማ ዓመት ሳይሞላው ሌላ ይገዛል።

ከገንዘቡ ሌላ የማይታለፍ ነገር አለ። ልምምድ ከመጀመሯ በፊት የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ትውሰድ። ሦስት ዙር ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አንድ ወር በኋላ፣ ሦስተኛው ከመጀመሪያው ስድስት ወር በኋላ ይሰጣል። ልምምድ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው የጀመረ ሰው ተከላካዩን ሳይጨርስ መርፌና ደም መንካት ይጀምራል። ፍሬሽማን ዓመት ላይ ይጀመር።

የኮሌጁን የተግባር ማሳያ ክፍል ገብታችሁ እዩ። አንድ የመለማመጃ የሰው አሻንጉሊት ለ60 ተማሪ ከሆነ፣ ልጅቱ መርፌ መውጋት የምትማረው በሕመምተኛ ላይ ነው ማለት ነው።

---

የኮዬ አባወራ

እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ነው የተጠቀምኩት። አንድ ነገር ልጠይቅ። አንደኛው ተቋም ዋናው ካምፓስ ሌላ ቦታ ነው፤ ትምህርቱን ግን እዚሁ ቱሉ ዲምቱ በከፈቱት ቅርንጫፍ ትማራለች አሉኝ። ለትራንስፖርት በጣም ይመቸናል። የዕውቅናው ነገር ሲነሣ «ዋናው ካምፓስ አለው፣ የዚህኛው በሂደት ላይ ነው» ብለውኛል። ችግር ይኖረዋል?

---

ፋይል ያዥ

አዎ፣ ችግር አለው፤ አይመዝገቡ።

የዲግሪ ዕውቅና የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ዕውቅናው ለተቋሙ ስም በጥቅሉ አይሰጥም። ለፕሮግራም፣ ለካምፓስና ለአሰጣጥ ዘዴ ተለይቶ ነው የሚሰጠው። ዋናው ካምፓስ በአካውንቲንግ በመደበኛ ዕውቅና ኖሮት፣ ቅርንጫፉ ላይኖረው ይችላል። በመደበኛ ኖሮት በርቀት ላይኖረው ይችላል። አካውንቲንግ ኖሮት ነርሲንግ ላይኖረው ይችላል። «በሂደት ላይ» ማለት ዛሬ የለም ማለት ነው። በዚያ የተከፈለ ገንዘብ የመጨረሻው ቀን ላይ ባዶ ሊቀር ይችላል፤ ዕውቅና በሌለው ፕሮግራም የተማረ ለመውጫ ፈተናም ለማስረጃ ማረጋገጫም ይቸገራል።

ሲያጣሩ እንዲህ ያድርጉ። የፕሮግራሙን ትክክለኛ ስም፣ የካምፓሱን አድራሻና የአሰጣጡን ዘዴ በወረቀት ይያዙ። የዕውቅና ደብዳቤውን ጠይቀው፣ የተሰጠበትን ቀንና የሚያበቃበትን ይዩ፤ ፈቃዱ ጊዜ አለው፣ ይታደሳል። ቀጥሎ የባለሥልጣኑን ዝርዝር ከድረ ገጹ ያመሳክሩ፤ ካልረኩ ቢሮው ድረስ ሄደው ይጠይቁ። ተቋሙ ግድግዳ ላይ የሰቀለው የምስክር ወረቀት ብቻውን አይበቃም። ሌቭል የሚባለው የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ፈቃድም ለዲግሪ አያገለግልም፤ ሁለቱ ለየብቻ ናቸው።

የመግቢያ ውጤቷ ከ50 በመቶ በላይ ስለሆነ በዚያ በኩል ስጋት የለም። ይህን የምታነቡ ሌሎች ወላጆች ግን፣ ከ50 በመቶ በታች ያለ ልጅ ትምህርት ሚኒስቴር ለዓመቱ ያወጣውን የሪሚዲያል (የማካካሻ ትምህርት) መቁረጫ ነጥብ ሳያሟላ «ግድ የለም፣ እናስገባዋለን» የሚል ኮሌጅ ካጋጠማችሁ ራቁ።

ሌላው የስም ጉዳይ ነው። በ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ በፋይዳ መታወቂያና በዩኒቨርሲቲው መዝገብ ላይ ያለው ስም በአማርኛም በእንግሊዝኛም ፊደል በፊደል አንድ ይሁን። የአያት ስም ላይ አንዲት ፊደል ስትለይ ምረቃ ላይ ወራት ታስቆማለች። ማስተካከያው በፍሬሽማን ጊዜ ቀላል ነው።

ደረሰኝ! ባንክ ገቢ ያደረጋችሁበትን ወረቀት ገንዘብ ያዡ ጋ ወስዳችሁ የተቋሙን ሕጋዊ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ሁለቱንም ፎቶ አንሡ። በግለሰብ ስም በተከፈተ ሒሳብ በጭራሽ አትክፈሉ። ደረሰኙን፣ የየሴሚስተሩን የምዝገባ ስሊፕና ግሬድ ሪፖርት በአንድ ፋይል አስቀምጡ። ክሊራንስ (ከዕዳ ነፃ መሆን የሚረጋገጥበት ፎርም) ሲሞላ «የሁለተኛ ዓመት አንደኛ ሴሚስተር ያልተከፈለ አለ» የሚባልበት ጊዜ አለ፤ ወረቀቱ የጠፋበት ሰው ድጋሚ ይከፍላል።

---

ቁጥር ወዳድ

መውጫ ፈተናውን ማንም በወጪ ውስጥ አልቆጠረውም፤ እኔ ግን ትልቁ ወጪ እሱ ይመስለኛል።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚጨርስ ሁሉ፣ የመንግሥትም የግልም፣ የመውጫ ፈተና ወስዶ 50 በመቶ ካላመጣ ዲግሪ አይሰጠውም። ኮርሱን ሁሉ በጥሩ ውጤት ቢጨርስም እንኳ። በ2015 የመጀመሪያው ፈተና ላይ ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 በመቶ ገደማ ሲያልፉ፣ ከግል ተቋማት ያለፉት 17 በመቶ ገደማ ነበሩ። አራት ዓመት ከፍሎ ዲግሪ ሳይዙ መቅረት ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ ቁጥር ይታያል። ፈተናው በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚሰጥ የወደቀ ሰው ቀጣዩን ዙር ለወራት ይጠብቃል፤ በዚያ መሀል «ዲግሪ ያለው» በሚል ማስታወቂያ ሥራ ማመልከት አይችልም።

ስለዚህ ተቋሙን፣ «ባለፈው ዙር ከዚህ ትምህርት ክፍል ስንት ተፈትኖ ስንት አለፈ?» ብላችሁ ጠይቁ። መቶኛ ብቻ ከነገሯችሁ የሰዉን ቁጥር ጠይቁ፤ 3 ተፈትኖ 2 ማለፉ 67 በመቶ ይባላል። «የእኛ ዩኒቨርሲቲ» የሚለው ጥቅል ቁጥርም ለእናንተ አይጠቅምም፤ በካምፓስና በትምህርት ክፍል ይሁን።

ፈተናው በኮምፒውተር ነው የሚሰጠው። አካውንቲንግ ከሆነ ላፕቶፕ ለፒችትሪም (የሒሳብ መዝገብ ሶፍትዌር) ለኤክሴልም ያስፈልጋታል፤ ሁለተኛ ዓመት ላይ ቢገዛ ይበቃል፣ በፍሬሽማን የግድ አይደለም። ያገለገለ ቢሆንም ሥራውን ይሠራል።

ስለ መንግሥቱ ምደባም አንድ ቃል። ምደባዋን በቀኑ ሳትመዘገብ ከቀረች ቦታው ያልፋል፤ ግሉን በደንብ ሳያጣሩ አይልቀቁት። በመንግሥት የወጪ መጋራት ውል ፈርማ ሥራ ስትይዝ ከገቢዋ ትከፍላለች፤ በግል ሁሉም ከእጅ በቅድሚያ ነው። ለእናንተ ሠፈር ቅርብ የሆነው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የራሱ መግቢያ ፈተና ያለው ሆኖ የኢንጂነሪንግና የአፕላይድ ሳይንስ ነው፤ ለአካውንቲንግ አይሆንም።

---

የኮዬ አባወራ

የቱሉ ዲምቱውን ትቼዋለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ የዓመቱን በአንዴ ከከፈላችሁ ቅናሽ አለ ብለውኛል። ይሻላል ወይስ በየሴሚስተሩ? ገቢያችን የወር ደመወዝ ነው።

---

ከሬጅስትራር ወንበር

የመጀመሪያውን ዓመት በአንዴ አይክፈሉ። ፍሬሽማን ላይ ልጅቱ ትምህርት ክፍል ልትቀይር፣ ቦታውን ልትጠላው ትችላለች፤ ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ተመላሽ የሚያደርግ ተቋም ጥቂት ነው። የተመላሽ ደንባቸውን ያንብቡ፤ ስንት ሳምንት ውስጥ ስንት በመቶ እንደሚመልሱ የተጻፈ ከሌለ አይመልሱም ብለው ይያዙት። ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ቅናሹ ከ5 በመቶ በላይ ከሆነና ገንዘቡ በእጅዎ ካለ ይከፈል። ለቅናሽ ብለው በወለድ አይበደሩ።

ለደመወዝተኛ የሚመቸው ዕቁቡን ከምዝገባ ጋር ማገናኘት ነው። ክፍያው የሚከብደው መስከረም መጨረሻና የካቲት ላይ ነው። ዕጣዎ በነዚህ ወራት እንዲወጣ ከዳኛው ጋር ከወዲሁ ይነጋገሩ። የመሥሪያ ቤት ብድርና ቁጠባ ማኅበር ካለዎት፣ ብድሩ ብዙውን ጊዜ ከቆጠቡት ላይ ተመሥርቶ ስለሆነ የሚፈቀደው፣ ልጅቱ አራተኛ ዓመት እስክትደርስ ቁጠባው ይድረስ፤ የመጨረሻውን ሴሚስተር እሱ ይሸፍነዋል።

የክፍያ ቀን ካለፈብዎ ዝም ብለው አይቆዩ። ፋይናንስ ክፍል ሄደው የክፍያ ጊዜ ማራዘሚያ ማመልከቻ ያስገቡ፤ ቀን ተጽፎበት ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ይያዙ። ያላመለከተ ተማሪ ፈተና በር ላይ ነው የሚመለሰው፤ ከዚያ ሜካፕና ቅጣት አንድ ላይ ይከፍላል።

---

ሲስተር ከአቃቂ

ጋሼ፣ ነርሲንግን ከመረጠች ደግሞ ምዝገባ ሳይዘጋ የልምምድ ሆስፒታሎቹን ስም ዝርዝር በደብዳቤ ይጠይቁ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ከኮዬ ያለውን መንገድ ያስሉት፤ በሦስተኛና አራተኛ ዓመት ከካምፓሱ ይልቅ እዚያ ነው የምትውለው።